የሆሳዕናው ዘንባባ እና ባለ ቢጫ ጆሮው በቀቀን

ዘንባባ ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን ሙቀት ነው፤ አፋር፣ የአዋሽ ዳርቻ፣ የቀይ ባሕር ጠረፍ። በኮሎምቢያ የአንዲስ ተራሮች ላይ ግን አዲስ አበባና እንጦጦ በሚገኙበት ከፍታ፣ ጉም ለብሶ ብርድ ጠጥቶ የሚያድግ ዘንባባ አለ። ቁመቱ እስከ 60 ሜትር ይደርሳል፤ በዓለም ካሉት የዘንባባ ዓይነቶች ሁሉ በቁመት የሚስተካከለው የለም። ግንዱ ቀጥ ያለ፣ ቅርንጫፍ የሌለው፣ ነጣ ያለ ሲሆን የወደቁት ቅጠሎች የተዉት ጥቁር ቀለበት እየከበበው ወደ ላይ ይወጣል። ንጣቱ ከላዩ ላይ የተለበጠ ሰም ነው። የአገሩ ሰዎች «ፓልማ ዴ ሴራ»፣ የሰም ዘንባባ ይሉታል።

እኔ ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከዚያ በፊት ደግሞ የሰንበት ተማሪ ነበርሁ፤ የሆሳዕና ዋዜማ ከእኩዮቼ ጋር ተቀምጬ፣ ዘንባባ እየሰነጠቅሁ ቀለበትና መስቀል ስሠራ ነው ያደግሁት። የዚህ ዛፍ ታሪክ የሳበኝ በሁለቱም በኩል ስለያዘኝ ነው። እኛ በየዓመቱ በደስታ የምናከብረው በዓል፣ በዚያ ማዶ አንድን ዛፍና በእርሱ ላይ የተንጠለጠለን አንድ ወፍ ወደ ገደል አፋፍ ከገፉት ነገሮች አንዱ ነበር። የበዓሉ ካህናት ደግሞ ኋላ ወፉን ካተረፉት ሰዎች መካከል ሆኑ። ነገሩን ከመነሻው ላውጋው።

በ1801 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ጀርመናዊው አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልትና ፈረንሳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኤሜ ቦንፕላን ከቦጎታ ተነሥተው ወደ ምዕራብ ተጓዙ። ከኢባጌ ከተማ አልፈው የኪንዲዮን ተራራ ማቋረጥ ነበረባቸው። የኪንዲዮ መንገድ በዚያ ዘመን በክፋቱ የታወቀ ነበር፤ ጭቃው ጉልበት ይውጣል፣ ዝናቡ አያባራም፣ መሐል ላይ ቀለብ የሚሸጥ መንደር የለም። ገንዘብ ያለው መንገደኛ በእግሩ አይሄድም። ወንበር በጀርባቸው ያሰሩ ተሸካሚዎች አሉ፤ ሰውየው እዚያ ወንበር ላይ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ይቀመጣል፣ ተሸካሚው ዳገቱን ይወጣል። ሁምቦልት በሰው ጀርባ አልሄድም አለ። ጓዙን በበሬ አስጭኖ ከቦንፕላን ጋር በእግሩ አቋረጠው። ጫማቸው በጭቃው አልቆ ከተራራው ማዶ ካርታጎ ከተማ የደረሱት በባዶ እግራቸው ነው። ስለ ሁምቦልት የተጻፈው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የምወድለት ይህን ነው።

የሰም ዘንባባውን በቅርብ ያዩት በዚህ ጉዞ ነው። ሌላው ዛፍ ሁሉ ጉም ውስጥ ተሸሽጎ ሳለ የዘንባባው አናት ከደኑ በላይ ብቅ ብሎ፣ ደን በደን ላይ ቆሞ ይታያል። ዘንባባ የቆላ ዛፍ ነው ብሎ ለሚያምነው ለአውሮፓ ሳይንስ ይህ ትልቅ ዜና ነበር። ቦንፕላን ዛፉን ከነሰሙ ገልጾ ጻፈ፤ ከግንዱ የተፋቀው ነገር ፓሪስ ደርሶ ኬሚስቱ ቮክለን መረመረውና ሁለት እጁ ሙጫ መሰል፣ አንድ እጁ ሰም ሆኖ አገኘው። ተራራው ላይ ያለው ሕዝብ ግን ያለ ኬሚስት ያውቀው ነበር። ሰሙን ከግንዱ ይፍቃል፣ ብቻውን ሲነድ ስለሚያስቸግር ሞራ ይቀላቅልበታል፣ ሻማና ጧፍ አድርጎ ይጠቀልለዋል። የእኛ ጧፍ ሰሙን ከንብ ሲያገኝ፣ በኪንዲዮ ግን ዛፍ ይፋቅ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ሰሙ ለገበያ ሲወጣ አንዳንዱ ሰው ግንዱን እየወጣ ሲፍቅ፣ አንዳንዱ ደግሞ መውጣቱን ሰንፎ ዛፉን ቆርጦ ይጥለው ነበር። ግንዱም ለአጥርና ለቤት ግድግዳ፣ ፍሬውም ለአሳማ ቀለብ ይውላል። መብራቱ በሌላ ሲተካ የሰም ንግዱ ከሰመ፤ ዛፉ ከዚህኛው ጠላቱ በቶሎ ተገላገለ።

አሁን ወደ ወፉ። ባለ ቢጫ ጆሮው በቀቀን ትልቅ ወፍ ነው፤ ከምንቃሩ እስከ ጭራው ጫፍ ከ40 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። መላ አካሉ አረንጓዴ፣ ግንባሩና የጆሮው አካባቢ ደማቅ ቢጫ፣ ምንቃሩ ጥቁርና ወፍራም ነው። እኛም አገር በደጋው ደን ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ራሱ ቢጫ የሆነ በቀቀን አለን፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ ነው፣ መናገሻ ሱባ ደን የሄደ ሰው ዕድል ከቀናው ያየዋል። ልዩነቱ የእኛው ፍሬና ጎጆ ከልዩ ልዩ ዛፍ ሲያገኝ፣ የአንዲሱ ኑሮውን ከሰም ዘንባባው ጋር ማሰሩ ነው። ሌላም ፍሬ ይበላል፤ የሰም ዘንባባው ፍሬ ግን ዋና ምግቡ ነው። ማታ በመንጋ ተሰብስቦ የሚያድረው በቅጠሉ መሐል ነው። እንቁላሉን የሚጥለው ደግሞ በሞተ ዘንባባ ውስጥ ነው።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ሁሉ ነገር እዚህ ላይ ነው የሚሽከረከረው። ዘንባባ አርጅቶ ሲሞት አናቱ ይወድቅና ግንዱ ባዶ ምሰሶ ሆኖ ለዓመታት ይቆማል። የውጭው ክፍል ጠንካራ ነው፣ ውስጡ ግን ስፖንጅ መሰል ስለሆነ ይበሰብሳል። በቀቀኑ በዚያ ክፍተት ገብቶ፣ ከመሬት ብዙ ሜትር ከፍ ብሎ ይፈለፍላል። ብቻውን አይደለም፤ ጥንዶቹ ተጎራብተው ነው የሚጎጁት፣ ጫጩት የሌላቸው ዘመዶችም ወላጆቹን በመመገብ ሲያግዙ ታይተዋል። ስለዚህ ይህ ወፍ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ሁሉም የዘንባባ ትውልድ ያስፈልገዋል፤ ፍሬ የሚሰጥ ጎልማሳ፣ ቤት የሚሆን ሙት፣ እነርሱን የሚተካ ችግኝ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ወፉ ወዲያው አይጠፋም። ቀስ እያለ ነው የሚጠፋው፤ ሰው ሳያስተውለው።

በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በኪንዲዮ መንገድ ያለፉ የወፍ ተመራማሪዎች፣ አሜሪካዊውን ፍራንክ ቻፕማንን ጨምሮ፣ ይህን በቀቀን እንደ ብርቅ አልቆጠሩትም ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው መቶ ዓመት ውስጥ ግን የደኑ ምንጣሮ ተጀምሮ ነበር። ከሰሜን ከአንቲዮኪያ የመጡ ሰፋሪዎች ቤተሰባቸውንና መጥረቢያቸውን ይዘው በተራራው ጀርባ ወደ ደቡብ ወረዱ። በ1842 ሳሌንቶ ተመሠረተች። ከተማዎቹ ተከታተሉ። ዝቅ ባለው ተዳፋት ቡና ተተከለ፤ ለቡና በሚበርደው በላይኛው ክፍል ደኑ ተመንጥሮ ለላሞች ግጦሽ ሆነ። መንጣሪዎቹ ሌላውን ዛፍ ሁሉ ሲጥሉ ዘንባባውን ብዙ ጊዜ ትተውት አልፈዋል። ዛሬ በሳሌንቶ አጠገብ ያለው የኮኮራ ሸለቆ በፖስት ካርድ ላይ የሚታየው እንዲያ ሆኖ ነው፤ የተላጨ አረንጓዴ መስክ፣ በመስኩ ላይ ተራርቀው የቆሙ ረዣዥም ግንዶች። ቱሪስቱ አጀብ ይላል። እኔ ያንን ሥዕል ባየሁት ቁጥር ልጅ ያልወለዱ አዛውንቶች ብቻ የቀሩበት መንደር ይመስለኛል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የዚህ ዘንባባ ችግኝ በልጅነቱ ጥላ ይፈልጋል፤ ገላጣ መስክ ላይ ፀሐይ ያቃጥለዋል። ፀሐይ የማረውን ላም ትግጠዋለች። ከዚህ የተረፈ ቢኖር እንኳ እድገቱ እጅግ አዝጋሚ ነው፤ ግንድ ከማውጣቱ በፊት መሬት ላይ ቅጠሉን ዘርግቶ አሥርት ዓመታት ይቆያል። በዚያ ላይ ዛፉ እንደ ኮሶ ወንዴና ሴቴ ነው፤ ዙሪያውን ወንዴ የሌላት ሴት ዘንባባ ፍሬ አታፈራም። በመስኩ ላይ የቆሙት ደኑ ሲመነጠር የነበሩት ናቸው። ከእግራቸው ሥር ከእነርሱ በኋላ የተወለደ የለም።

እንግዲህ ሆሳዕና የመጣው በዚህ ላይ ነው። ስፔናውያን ካቶሊክ እምነትን ወደ አንዲስ ሲያመጡ የዘንባባ እሑድንም አመጡ። ቴምር በተራራው ላይ የለም፤ ሕዝቡ ከአካባቢው ያለውን ዘንባባ ያዘ። የተፈለገው ደግሞ ያረጀው አረንጓዴ ቅጠል አልነበረም። ከመሐል የሚወጣው፣ ገና ያልተዘረጋው፣ ወደ ቢጫ የሚያደላው ለጋ ቅጠል ነው የሚወደደው። «ኮጎዮ» ይሉታል። ለስላሳ ነው፣ ለመጎንጎን ይመቻል፣ በሰልፉ ላይ ሲወዛወዝ በፀሐይ ያበራል። ዘንባባ የሚያድገው ግን አናቱ ላይ ባለችው በአንዲት ቡቃያ ብቻ ነው፤ እንደ ሌላ ዛፍ ጎን ለጎን አያቆጠቁጥም። ለጋው ቅጠል ሲቆረጥ ቡቃያዋ ከተነካች ዛፉ ይሞታል፤ ካልተነካችም ዓመት በመጣ ቁጥር የሚቆረጥ ችግኝ ይቀጭጫል። ሰው እጁ የሚደርሰው ደግሞ ትንንሾቹ ላይ ነው። ትልቅ ዘንባባ ለጥቂት ቅጠል ሲባል ከነግንዱ የተጣለበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ደን ውስጥ ከከብት ያመለጠው ችግኝ በሕማማት ዋዜማ በቢላ ይገኝ ነበር።

ቆራጮቹን ለመኮነን አልቸኩልም። የተባረከውን ዘንባባ ሰዎቹ ወደ ቤት ወስደው ዓመቱን ሙሉ ያኖሩታል። መብረቅና ዶፍ ሲመጣ ከእርሱ ቆንጥረው ያጨሱታል፣ ቤቱን ይጠብቅልናል ብለው ያምናሉ። የተረፈው ደርቆ ይቃጠልና በቀጣዩ ዓመት የዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ካህኑ በግንባራቸው የሚቀባቸው አመድ ይሆናል። በእኛም ዘንድ እናቶች የሆሳዕናን ዘንባባ በራሳቸው አስረው ይመለሳሉ፤ ቀለበቱ በልጆች ጣት ላይ ይሰነብታል፤ መስቀሉ ግድግዳ ላይ ይሰካል። ይህን ያደረገች እናት ዛፍ ጠላት ሆና አይደለም። ተራራ ላይ ያለች ኮሎምቢያዊትም እንደዚያው።

ወፉ ግን አለቀ። ከደኑ መመንጠር ጋር አደኑም አለ፤ በመንጋ ስለሚኖር በአንድ ጊዜ ብዙ ይወድቃል። በ1990ዎቹ በኮሎምቢያ ጠፍቶ ይሆናል ተብሎ ተሰጋ፤ በሰሜን ኢኳዶር የቀረው ጥቂት መንጋም በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ከዓይን ተሰወረ። ተመራማሪዎች ግን ፍለጋውን አላቆሙም ነበር፤ በስፔን ቴኔሪፍ ደሴት የሚገኘው የሎሮ ፓርኬ ድርጅት በገንዘብ ረዳቸው። ሚያዝያ 1999 በቶሊማ ክፍለ ሀገር፣ ሮንሴስቫዬስ በምትባል ከፍተኛ ቦታ፣ 81 በቀቀኖች ተገኙ። አካባቢው ሽምቅ ተዋጊዎች የሚንቀሳቀሱበት ስለነበር በቀላሉ የሚገባበት አልነበረም። ጥቂት ቆይቶ በአንቲዮኪያ፣ ሃርዲን በምትባለው ከተማ አቅራቢያ ሌላ መንጋ ተገኘ። ፕሮአቬስ የተባለው የኮሎምቢያ የወፍ ጥበቃ ድርጅት ሥራውን ያዘው፤ ከገበሬዎች ጋር ተነጋግሮ ጎጆዎቹን መጠበቅ፣ ችግኝ ማፍላት፣ ማጠር፣ በሞተ ዘንባባ ፋንታ የእንጨት ሳጥን መስቀል ጀመረ። በአውቶቡስ እየዞሩ ለትምህርት ቤቶች ስለ በቀቀኑ የሚያስተምሩም ነበሩ፤ አውቶቡሱ ራሱ «የበቀቀን አውቶቡስ» ይባላል። መምህር ስለሆንሁ ይሆናል፣ ይህቺ አውቶቡስ ደስ ትለኛለች።

ትልቁ ለውጥ ግን የመጣው ከቤተ ክርስቲያን ነው። ዛፉን መቁረጥ ቀድሞም የተከለከለ ነበር፤ በ1985 የወጣው ሕግ ቁጥር 61 የሰም ዘንባባን ብሔራዊ ዛፍ አድርጎ ደንግጎ ቆረጣውን ከልክሏል። (ሐሳቡን የዕፅዋት ሊቃውንት ያቀረቡት በ1949 ነው። ዛፉ ራሱ ከሚያድግበት ፍጥነት ጋር የሚስማማ መንግሥት ነበራቸው ማለት ነው።) ሕጉ ከወጣ በኋላም በየዓመቱ በሆሳዕና ሰሞን ለጋው ቅጠል ወደ ገበያ ይወርድ ነበር። ከ2000 ወዲህ ግን የጥበቃ ድርጅቶችና የኮሎምቢያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተነጋገሩ፤ ካህናቱ ከመንበራቸው ሆነው «የሰም ዘንባባ አታምጡ» አሉ። በምትኩ ኢራካ የተባለውና በፍጥነት የሚያድገው፣ ቅጠሉ ባርኔጣ የሚሠራበት ተክል፣ የበቆሎ ቅጠል፣ አለዚያም ተባርኮ ጓሮ የሚተከል ችግኝ ይዞ መምጣት ተለመደ። በመንገድ ላይ የሰም ዘንባባ ጭነው የሚገኙትን ፖሊስ ይነጥቃል። ፖሊስ በየዓመቱ የሚነጥቅ መሆኑ ልማዱ ፈጽሞ እንዳልጠፋ ያሳያል፤ ቢሆንም ከቀድሞው ጋር አይወዳደርም።

አንዳንድ ሰው እምነት ከተነካ አይመለስም ይላል። እኔ ይህን አልቀበልም። ወንጌሉን ከፍቶ ያነበበ ሰው የሚያገኘው ዮሐንስ ዘንባባ ሲል፣ ማቴዎስ ሕዝቡ ከዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ በመንገድ ላይ ማንጠፉን ብቻ ሲናገር ነው። የኢየሩሳሌም ሕዝብ ያነሣው አጠገቡ ያገኘውን ነበር። የኮሎምቢያ ካህናት የበዓሉን ጸሎትና ዜማ ሳይነኩ ቅጠሉን ቀየሩ፤ ሰልፉ አልቀረም፣ ሆሳዕናም አልቀረም። ቁጥሩም መሰከረ፤ በ1999 የተቆጠረው 81 ወፍ ዛሬ ከአንድ ሺህ በላይ ሆኗል። በ2010 ወፉ በዓለም የቀይ መዝገብ ላይ «እጅግ አስጊ ሁኔታ ላይ ያለ» ከሚለው ደረጃ አንድ ዝቅ ተደርጎ ተመዘገበ።

ሆኖም የማይጥመኝ ነገር አለ። ይህ ታሪክ ሲነገር ጥፋቱ ሁሉ በምእመናኑ ቅጠል ላይ ይወድቃል። የቅጠሉ ቆረጣ በአደባባይ ነው፣ ፎቶ ይነሣል፣ ቀኑ ይታወቃል። የላሟ ግጦሽ ግን በየቀኑ፣ በጸጥታ፣ በግል መሬት ላይ ነው። ምእመን ካህኑ ሲነግረው ይሰማል፤ የከብት መሬት ባለቤትን ማን በመንበር ላይ ሆኖ ይናገረዋል? በቶሊማ በኩል ባለው በቶቼሲቶ ሸለቆ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የሰም ዘንባባዎች እስካሁን መቆማቸው እንኳ በከፊል የጦርነቱ ውጤት ነው፤ ሽምቅ ተዋጊዎቹ በነበሩበት ዘመን እዚያ የሚደርስ ሰው ጥቂት ነበር። ከ2016ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ መንገዱ ተከፈተ፣ ጎብኚውም መጣ። በዚያው ዓመት የኮሎምቢያ ማዕከላዊ ባንክ የኮኮራን ዘንባባዎች በ100,000 ፔሶ ኖት ጀርባ ላይ አተማቸው። ገንዘብ ላይ መታተም ለዛፍ ጥላ አይሆነውም።

በቀቀኑን ሥራው አለቀ ብሎ መተውም አይቻልም። ዛሬ ተተክሎ የታጠረ ችግኝ ፍሬ እስኪሰጥ የተከለው ሰው አይኖርም፤ ለወፉ ቤት ለመሆን ደግሞ አድጎ፣ አርጅቶ፣ ሞቶ ውስጡ መበስበስ አለበት። እስከዚያ ድረስ ያለው ቤት አሮጌዎቹ ግንዶችና ሰው የሰቀለው ሳጥን ናቸው፤ አሮጌዎቹ ደግሞ በየዓመቱ እየወደቁ ነው። ካህናቱ ድርሻቸውን ተወጥተዋል። የቀረው የላሞቹ ባለቤቶች ድርሻ ነው፤ ከመስካቸው አንድ ጥግ አጥረው፣ ሌላው ዛፍ ተመልሶ ጥላ እስኪሆን ይልቀቁ።